የእንጨት ዳንቴል

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የለም። አይፈረድብንም። ቀና ያለ ሰው ወይ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ኪሱ ይዳበሳል። ስለዚህ አንገታችንን ደፍተን፣ ቦርሳችንን ደረታችን ላይ ለጥፈን እንሄዳለን። ከጭንቅላታችን በላይ ምን እንዳለ ትዝ የሚለን ዝናብ ሲመጣና መጠለያ ስንፈልግ ነው።

እኔም ያደግሁበትን ቤት የጣሪያ ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት በዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያየሁትም ላደንቀው ብዬ አይደለም። ልገነጥለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ የቀበሌ ቤት ነበር። ድሮ አንድ ባለ ሹመት ያሠሩት ባለ ሰገነት ቤት ነው ይባላል። በእኔ ልጅነት ግን ዘጠኝ ቤተሰብ ተካፍሎት ነበር የሚኖረው። አዳራሹ ለሦስት፣ መኝታ ቤቶቹ ለአምስት፣ በረንዳው ደግሞ በኮምፔንሳቶ ተጋርዶ ለእኛ። አዎ፣ እኛ የምንኖረው በረንዳ ላይ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ግን "ሰገነት ቤት" እል ነበር። ውሸት አልነበረበትም።

ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር የቤቱን ዙሪያ የሚዞር ስስ ጣውላ ነበረ። ልብ፣ ቅጠልና ጠብታ እየተፈለቀቀ የወጣለት፣ ታችኛው ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ቁራጭ ጎን ለጎን ተደርድሮ። እናቴ ለወንበር መደገፊያ በኪሮሽ ከምትሠራው ዳንቴል ጋር ስለሚመሳሰል ነው መሰለኝ፣ በግቢው ስሙ "ዳንቴሉ" ነበር። የእናቴን ዳንቴል በቆሸሸ እጅ የነካ ይገረፋል። የቤቱን ዳንቴል ግን ማንም አይቆጣጠረውም። የልብስ ገመድ ይታሰርበታል፣ ኳስ ይመታዋል፣ ርግብ ትተኛበታለች።

አንድ ክረምት፣ 1978 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከሰል ጠፋ። ታናሽ እህቴ ታማለች፣ እናቴ አጥሚት ልታሞቅላት ትፈልጋለች፣ ያለው እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው። እኔ ወንዱ ልጅ በርጩማ ላይ ወጣሁና አንዱን ዳንቴል ይዤ ተንጠለጠልኩ። ምስማሩ ዝጎ ስለነበር አላስቸገረኝም። ምን አለፋችሁ፣ ደርቆ የኖረ ጥድ ነው፤ በአንድ ክብሪት ቦግ አለ። አጥሚቱ ፈላ። እናቴ "ከየት አመጣኸው?" አላለችም። እኔም አልተናገርኩም። በችግር ጊዜ ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ስምምነት አለ።

በግቢው ጓሮ፣ ቀድሞ የበቅሎ ጋጥ በነበረው ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ አናጢ ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ።

"ትናንት ማታ የቆየ ጥድ ሸተተኝ" አሉ።

ዝም አልኩ።

"የት አለ?"

"ነደደ።"

"እንግዲያው ትሠራዋለህ።"

ቢገርፉኝ በተሻለኝ። ግርፊያ በአንድ ቀን ያልቃል። የእሳቸው ቅጣት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ።

መጀመሪያ ከተሰቀሉት አንዱን አውርደው ወረቀት ላይ አስነደፉኝ። ከዚያ ወረቀቱን መሐል ለመሐል አሳጥፈው ግማሹን ብቻ በመቀስ አስቆረጡኝ። ሲዘረጋ ግራና ቀኙ አንድ ሆነ። "ሁለቱን ጎን ለየብቻ የሚስል ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል" አሉ። በዱቄት ሙጫ ጣውላው ላይ አስለጠፉኝ። ከዚያ መጋዙን አመጡ።

እኔ መጋዝ ስባል የማውቀው ግንድ የሚገዘግዘውን፣ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ የሚስበውን ነው። የእሳቸው መጋዝ እንደ ቀስት የተቀለሰ የብረት እጀታ ሆኖ ጫፍና ጫፉ ላይ ርዝመቱ ዐሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከስፌት መርፌ የማይወፍር ምላጭ የተወጠረበት ነው። በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እንደ ክራር ክር ጮኸ። "ካልጮኸ አትቁረጥበት። የላላ ምላጭ ወደፈለገበት ይሄዳል" አሉ። ጥርሶቹን በጣቴ አስነኩኝ። ወደታች ነው የሚያዩት፣ ወደ እጀታው። መጋዙ ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሲወጣ ያርፋል። ገልብጦ የገጠመው ሰው እንጨቱን እያነሣ ይንገጫገጫል፣ የጣውላውንም ፊት ይቦጭቀዋል።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በሞርሳ የታሰረ፣ አፉ እንደ ወፍ መንቁር የተከፈተ ትንሽ ሳንቃ ነበረ። ጣውላው በእሱ ላይ ይቀመጣል፤ መጋዙ በመንቁሩ መሐል ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ከግራና ከቀኝ እንጨቱ ድጋፍ አለው፣ አይሰበርም። ልቡን ለመፈልቀቅ በትራፓኖ በመሐሉ ቀዳዳ አበጁ፤ ምላጩን ከአንድ ጫፍ ፈትተው በቀዳዳው አሾለኩና መልሰው ወጠሩት። ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሠራው። ዙሪያውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ውስጡን ሲሠራ የሚይዝበት ያጣል፤ እጁ ላይ ይሰበርበታል።

"እንጨቱን አዙረው እንጂ መጋዙን አታዙረው" ይሉኝ ነበር። "መጋዙ ባለበት ይውጣ፣ ይውረድ። መንገዱን የሚፈልገው እንጨቱ ነው።" ሹል ጥግ ላይ ስንደርስ መቆም የለም። ባሉበት እየገዘገዙ፣ ሳይገፉ፣ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። በየመሐሉ ምላጩን ሰም ያስነኩታል። ሰም ሲያጡ የልብስ ሳሙና። ቀጭን ቅጠል የሚነደፈውም በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ ነው፤ አግድም የተነደፈ ቅጠል ርግብ ስታርፍበት ይረግፋል።

እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ እገፋለሁ። አራት ምላጭ ሰበርኩ። ምላጭ በዚያ ጊዜ እንደልብ አይገኝም ነበርና በተሰበረ ቁጥር ፊታቸው ሲጨልም አያለሁ። አንድም ቀን ግን አልተቆጡም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያሉ ሌላ ይወጥራሉ። በመጨረሻ ሁለተኛው ቅጠል ላይ ስደርስ አመለጠኝና ከመስመሩ ወጣሁ። ልቅሶ ቃጣኝ። እሳቸው አገላብጠው አዩትና፣

"ተወው። ዝናቡ አያየውም" አሉ።

አልገባኝም። በረንዳው ላይ አቁመው አሳዩኝ። ክረምት ስለነበር ውኃው ከቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ውኃ የዳንቴሉን ፊት ተከትሎ ይወርድና በሾሉት ጫፎች ላይ ሲደርስ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወደ ግድግዳው አይመለስም። ግድግዳው ጭቃ ነው። ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ይረግፋል። የጣሪያውም እንጨት ራሱ ከዳንቴሉ ጀርባ ተሸሽጎ ደረቅ ነው። ከበሩ በላይ ያለው የተፈለቀቀው መስኮትም የጭስና የሙቀት መውጫ ነው። "ጌጥ ብቻ መሰለህ?" አሉኝ። አዎ፣ መስሎኝ ነበር።

ሥራዬን ሰቀሉት። እህቴ ድና ቆማ ታየኝ ነበር። እስካሁን ድረስ እንዲያ የኮራሁበት ነገር ትዝ አይለኝም።

እስከዚህ ያለው የሚጣፍጠው ነው። ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

በዓመቱ ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። እኔ በዚያው መጋዝ የኮምፔንሳቶ የፎቶግራፍ ፍሬም ሠርቼ አቀረብኩ። ወላጆች መጥተዋል። ጋሼም ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጥተዋል፤ ማንም አልጠራቸውም። መምህሩ ፍሬሙን አንሥተው "ይሄንን ማን አስተማረህ?" ሲሉኝ የክፍሌ ልጆች ዙሪያዬን ቆመዋል። "አናጢ" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የክፍላችን አለቃ አባት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ አባት መርከበኛ ነው።

"የፈረንጅ መጽሐፍ አይቼ ነው" አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። ጋሼ ከሰው ኋላ ቆመው ሰምተዋል። ማታ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ።

"መጽሐፉ ጥሩ ነው?"

እንግዲህ ካደግሁ በኋላ የዚህን ሥራ ታሪክ እየተከታተልኩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚህች ጥያቄ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፉን ፍለጋ በሉት።

መጋዝ ጥንታዊ ነው። ልብና ቅጠል የሚፈለቅቀው መጋዝ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ምክንያቱም ስስ ሆኖ የማይሰበር ብረት ይፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለው ምላጭ የታየው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ጀርመናዊ የእጅ ባለሙያ ከሰዓት ጥቅልል ብረት ላይ ጥርስ አውጥቶ ሠራው ይባላል። ከዚያ በኋላ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዕቃ ሠሪ የነበረው አንድሬ ሻርል ቡል (1642–1732 እ.ኤ.አ.) ጥበቡን አንድ ደረጃ አሳደገው። ስስ የናስ ዝርግና የባሕር ኤሊ ቅርፊት አንድ ላይ ደርቦ በአንዴ ይቆርጣል። ከዚያ የናሱን አበባ በቅርፊቱ ቀዳዳ፣ የቅርፊቱን አበባ በናሱ ቀዳዳ ይገጥማል። በአንድ ቁርጥ ሁለት ጌጥ። ምንም አይጣልም። ጋሼም አራት ጣውላ በምስማር አጣብቀው በአንዴ ሲቆርጡ አይቻለሁ። የሉዊን ስም ግን ሰምተውም አያውቁም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩ ከቤተ መንግሥት ወጣ። አሜሪካ ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ መጋዝ በመምጣቱ የተፈለቀቀ ጣውላ ረከሰ፤ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ በረንዳውን አስጌጠበት። አሜሪካኖች ለእነዚህ ቤቶች ያወጡላቸው ስም በጌጥ ከሚሠሩት የዝንጅብል ኬካቸው የተወሰደ ነው። ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እንደ ሲንጀር የስፌት መኪና በእግር እየተረገጠ የሚሠራ ትንሽ መጋዝ ለቤት መሸጥ ጀመረ። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሮክፎርድ ከተማ የነበረው የባርንስ ፋብሪካ በዚህ የታወቀ ነበር። እንግሊዝ አገር ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ሆቢስ" የሚባል መጽሔት ንድፍ እያያዘ ይወጣ ነበር። የባንክ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ተማሪው ማታ ማታ በእርሳስ የተነደፈ መስመር ተከትሎ ይገዘግዛል። ልብ በሉ፤ እዚያ አገር የተማረ ሰው ለደስታው ብሎ የሚሠራውን እኔ በተማሪዎች ፊት አፍሬበታለሁ።

ታዲያ አዲስ አበባ እንዴት ደረሰ? የመጣው በዋናነት በሕንድ በኩል ነው። ሕንዶች ድንጋይና እንጨት እየፈለቀቁ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ዓይን የማያሳልፍ መጋረጃ መሥራት የቆየ ጥበባቸው ነው። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጥለውን ሰፊ በረንዳ ከዚያ ለመዱ። "በረንዳ" የሚለው ቃል ራሱ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ከሕንድ ነው። ቃሉ ከሕንዶች ይነሣ ወይስ ከፖርቱጋሎች፣ የቋንቋ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። እኛ ቃሉንም ቤቱንም ወስደን የራሳችን አደረግናቸው። ዛሬ "በረንዳ አዳሪ" ስንል ማንም ስለ ቦምቤይ አያስብም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች እየጎረፉ መጡ። ከእነዚህ ውስጥ ሕንዶችና አርመኖች ይገኙበታል። ከሕንድ የመጣው ሐጂ ከዋስ በዐፄ ምኒልክ የግንባታ ሥራ ከታወቁት አንዱ ነበር፤ ከአርመኖቹ ደግሞ ሚናስ ኸርበኪያን። መሐመድ አሊ የተባለው የጉጅራት ሕንዶች የንግድ ቤት ከሐረር ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ሱቅና መጋዘን ነበረው፤ ጣልያን በ1929 ዓ.ም. እስኪያባርረው ድረስ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ቆርቆሮው፣ ምስማሩና መስታወቱ በርካሽ ተከተለው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ጠርዙን የሚሸፍን ነገር ያስፈልግ ነበርና ዳንቴሉ ቦታ አገኘ።

ሐረር የሄደ ሰው "የራምቦ ቤት" የሚባለውን ያውቀዋል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ሐረርን ለቆ የሞተው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱን ያሠራው ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጣ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ቤቱ የራምቦን ስም ይዞ ቀረ፤ የነጋዴውን ስም ጎብኚው አይጠይቅም፤ እንጨቱን የፈለቀቀውንማ ጭራሽ። አዲስ አበባ ውስጥም በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የጣይቱ ሆቴል፣ የቤኒሻንጉሉ የሼክ ሆጀሌ ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት አሉ። ሁሉም የሚጠሩት ባሠሩት ሰዎች ስም ነው። የሠሩት ሰዎች የት ሄዱ?

ሕንዱና አርመኑ ብቻቸውን አልሠሩም። ጥዱንና ዝግባውን የፈለጠ፣ የሰነጠቀ፣ የላገ፣ ኋላም መጋዙን ተቀብሎ ራሱ የቆረጠ ያገሬ ሰው ከሥራቸው ነበረ። ጋሼ እንደነገሩኝ የእሳቸው ጌታ፣ ማለትም ሙያ ያስተማሯቸው ሰው፣ በልጅነታቸው አንድ አርመን ዘንድ ጣውላ ሲያቀብሉ ነበር የጀመሩት። የአርመኑንም ስም አያውቁትም ነበር።

ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እኛ ዳንቴሉን እንወዳለን፣ የሚቆርጠውን እጅ እንንቃለን። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በል፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ብለን ስም አውጥተናል። ዐፄ ምኒልክ፣ መሣሪያ ፈትተው መግጠም የሚወዱ ንጉሥ፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ካስፈለገ ስድቡ ምን ያህል እንደነበር አስቡት። ከአዋጁ ሰባ ዘጠኝ ዓመት በኋላ እኔ ኤግዚቢሽን ላይ ቆሜ "መጽሐፍ አይቼ ነው" አልኩ። ማንም አልሰደባቸውም እኮ! እኔ ነኝ ያለ ስድብ የሰደብኳቸው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለብዙ ድሃ ቤት አስገኘ፣ ለእኛም ጭምር፤ ይሄን የምክድ ሰው አይደለሁም። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በጥቂት ብር ኪራይ ግን ጣሪያ አይታደስም። ባለቤቱ ሄዷል፣ ተከራዩ "የእኔ አይደለም" ይላል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ የከተማዋ ዳንቴል በክረምት በክረምቱ አንድ አንድ እየተገነጠለ ምድጃ ገባ። አንዱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። እህቴ ድናለች፣ አልጸጸትም። ግን ዘጠኝ ቤተሰብ ሆነን አንድ ቀን እንኳ ተሰብስበን አንድ ኪሎ ምስማር ለመግዛት አልተነጋገርንም። የሚጸጽተኝ ይሄ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ከተማው ደንግጦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አካባቢ በብዛት ሲፈርስ አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ "የተቀባ ጭቃ ነው፣ ይፍረስ" አለ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በዝናብ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ባልዲ ይዞ ያደረ ሰው "ቅርስ" ሲባል ቢስቅ አልፈርድበትም። ደግሞም የእንጨት ቤት ደካማ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሄይቲ ውስጥ፣ ፖርት ኦ ፕሪንስ ከተማ፣ ከእኛ ጋር የሚመሳሰሉ ዳንቴል ለባሽ የእንጨት ቤቶች አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በዚያ አስከፊ የመሬት መንቀጥቀጥ የኮንክሪቱ ቤት ሲደረመስ እነሱ አብዛኞቹ ቆመው ቀሩ። እንጨት ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። የሚያፈርሰው ቸልታ ነው።

የእኛም ግቢ ተራው ደረሰና አንድ የድሮ ጎረቤት ደወለልኝ። ስደርስ ሰዉ ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ የቆርቆሮ በሩን ይጭናል። እኔ ለሚያፈርሱት ልጆች የሻይ ብር ሰጥቼ "ከዚያ ላይ አንዱን ጣውላ አውርዱልኝ" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "የቱን?" አሉኝ። የራሴን ነው የፈለግሁት። ሁለተኛው ቅጠሉ የተጣመመውን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሩቅ የሚታይ ጉድ ይመስለኝ ነበር።

አላገኘሁትም። ቀና ብዬ አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም የተጣመመ ነገር አላቸው። አንዱ ልቡ ያዘነበለ፣ አንዱ ጠብታው የወፈረ። ልጆቹ የቀሩትን አሥራ ሰባቱን አውርደው መሬት ላይ ዘረገፉልኝ፤ ጀርባቸውን ገለበጥኩ። አንዳንዱ ጥድ ነው፣ አንዳንዱ ዝግባ። ሁለቱ ከዕቃ ሳጥን የተቆረጡ ናቸው፤ የላቲን ፊደል በግማሹ ይታያል። የምስማሩም ዓይነት ሦስት አራት ነው። ለካ "የጥንቱ" የምንለው ዳንቴል ከጥንትም ጀምሮ ሲነደድ፣ ሲሰበር፣ ሲተካ ነው የኖረው! ከእኔ በፊትም የገነጠለ ልጅ፣ የቀጣም አናጢ ነበረ። ቤቱን ያቆየው የመጀመሪያው ሠሪ ብቻ አልነበረም። ከእሱ በኋላ አንድ አንዷን እየቆረጠ የተካ ሁሉ ነው። መተካቱ የቆመ ቀን ቤቱ መፍረስ ጀመረ። ማሽኑ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

አንዱን አነሣሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው።

አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ አስቀምጫለሁ፤ ምላጯ እንደ ጋሼ መጋዝ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መሞከር ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከአራት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ጀምሩ፤ ተደራራቢ ስለሆነ ሥሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይይዛል። እንጨቱ ፊቱ እንዳይቦጫጨቅ የሚቆረጥበት መስመር ላይ ፕላስተር ለጥፉበት። ኤምዲኤፍ ቀላል ነው፣ ግን አቧራው ሳንባ ይገባልና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ውጭ የሚሰቀል ነገርም አትሥሩበት፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ማሽን ስለሆነ ፈጥናችሁ አትግፉ፤ ምላጩ ይግላል፣ እንጨቱ ጠርዙ ይነድዳል። ዋናው ነገር ያው የድሮው ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ጥርሱ ወደታች፣ እንጨቱን ማዞር፣ አለመግፋት።

ባለፈው የጎረቤት ልጅ መጥቶ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ማን ነው ያስተማረዎት?" አለኝ።

"አናጢ ነው ያስተማረኝ" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

"ማን የሚባል አናጢ?"

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ብለን ኖርን፣ ጋሼ ብለን ቀበርናቸው። የሉዊ 14ኛን ዕቃ ሠሪ ስም ከነልደቱና ከነሞቱ የማውቅ ሰው፣ የሐረሩን ሕንዳዊ ነጋዴ ስም ረሱት ብዬ ጎብኚን የምወቅስ ሰው፣ ያስተማሩኝን ሰው ስም አላውቅም።

ከግቢያችን ሰዎች በሕይወት ያሉትን እየደወልኩ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። እስካሁን አራቱ "ጋሼ ነበር የምንላቸው" ብለውኛል።